ረጋበል፣ ቶሎበልና በመካከላቸው ያለው መስታወት

ቆራጯ በሕይወቷ የምትፈራው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው በመስታወት ክምር ላይ የምትሄድ ድመት፣ ሁለተኛው ዝምታ። ድመቷን ከልጅነቷ ጀምሮ ትፈራለች። ዝምታን መፍራት የጀመረችው ግን በአርባ አራት ዓመቷ፣ ያውም ኬክ ገዝታ ከተቀበለችው በኋላ ነው።

ሥራዋ መስታወት መቁረጥ ነው። ሱቁ የአባቷ ነበር፤ እጇም የአባቷ ነው። መቁረጫውን ላምባ ታስነካና ትንፋሿን ይዛ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ትስባለች፤ ከሥር ኳ! ኳ! ታደርገዋለች፤ መስታወቱም «እሺ እመቤቴ» ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ሰፈርተኛው እንደሚለው ከሆነ በክፉ ዓይኗ ያየችው መስታወት ሳትነካውም መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መነጽር ያደረገ ሰው ከእሷ ጋር ዋጋ አይከራከርም።

የቆረጠችውን የሚያደርሱላት ሁለት ሰዎች ናቸው። ከፊት የሚይዘው ባሏ ነው፤ ከኋላ የሚይዘው ታናሽ ወንድሟ። የሰፈሩ መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ መኪና አይገባም፤ ትልቁም ትንሹም መስታወት በእግር ነው የሚሄደው። ከሃያ ዓመት በፊት የመጀመሪያዋን መስታወት አብረው ያነሱ ዕለት ባሏ «ረጋ በል!» ብሎ ጮኸ፤ ወንድሟ «ቶሎ በል!» ብሎ መለሰ፤ በዚያው ስማቸው ሆኖ ቀረ። የመታወቂያ ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያውን የሰጣቸው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ሳይረሳው አልቀረም።

ረጋበልና ቶሎበል የማይከራከሩበት ነገር ገና አልተፈጠረም። ከሱቁ ወደ ታችኛው ሰፈር የሚያወርዱ መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በዳቦ ቤቱ በኩል፣ ሌላው በደረጃው በኩል። ረጋበል የዳቦ ቤቱ ወገን ነው፤ ቶሎበል የደረጃው።

«ደረጃው አርባ ሁለት ነው፤ ለአርባ ሁለት ደረጃ ጉልበት ከየት ላምጣ?»

«አርባ አንድ ነው! አንተ አንዱን ሁለቴ ስለምትረግጠው ነው።»

«በዳቦ ቤቱ በኩል መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ነው።»

«ሜዳው መቼ ጠራህ፤ የዳቦው ሽታ ነው እንጂ!»

መንገዱ ሲያልቅባቸው ዓሣ ይተኛል ወይስ አይተኛም ይላሉ። ዓሣውን እንደ ምንም አስተኝተው ሲጨርሱ ሾርባ ላይ ጨው መጀመሪያ ነው የሚገባው ወይስ መጨረሻ ይላሉ። ድምፃቸው ከራሳቸው ሦስት መታጠፊያ ቀድሞ ስለሚደርስ ደንበኛ በሩን ከፍቶ፣ ወንበሩን ገለል አድርጎ ነው የሚጠብቃቸው። ሁለት ውሾች በእነሱ ምክንያት ሰፈር ለቀዋል ይባላል። ማታ ታዲያ አንድ ገበታ ላይ ይቀርባሉ፤ ቶሎበል ለረጋበል ጀርባ ትራስ ያቀብላል፤ ረጋበል የሳህኑን ወፍራም ወፍራም ድንች ወደ ቶሎበል ይገፋል። እየገፋም «ዓሣ አይተኛም» ይላል።

ቆራጯ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትለምን ኖረች። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አንድ ቀን እንኳ ብትስማሙ ምናለበት? ባሌና ወንድሜ በጠብ ሲጨራረሱ እኔ የት ልግባ?» ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ መቁረጥ ከጀመረች ቆየች። አንድ ነገር ግን ልብ ብላ አታውቅም። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ሁለቱ የሰበሩት መስታወት ሦስት ብቻ ነው፤ ሦስቱንም የሰበሩት ቶሎበል ጉንፋን ይዞት ድምፁ በተዘጋበት ሰሞን ነው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ከሥራ ሲመለሱ ኮቴያቸው ብቻ ተሰማ። ቆራጯ ጥጡን ከጆሮዋ አወጣች። ድምፃቸውን ያጠፋው ጥጡ አይደለም። ረጋበል ጓንቱን ምስማሩ ላይ ሰቀለ፤ ቶሎበልም የራሱን ይዞ ቀረበና እንዲህ አለ፦

«ከተመቸዎ ጓንትዎን ትንሽ ፈቀቅ ቢያደርጉልኝ?»

«ኧረ ምን ገዶኝ! እርስዎ እንዳሉ።»

ቆራጯ የያዘችው መቁረጫ ከእጇ ወደቀ። እርስዎ! ሃያ ዓመት «አንተ ግትር፣ አንተ ጅብራ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች! «ተመስገን፣» አለች፣ «በመጨረሻ ሰው ሆኑ።» እየበረረች ሄዳ ክሬም የተቀባ ኬክ ገዛች፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «ባሌና ወንድሜ ታረቁልኝ» ብላ አወጀች፤ በቀን ተኝታ የማታውቅ ሴት ሱቋ ውስጥ ወንበር ላይ አንኮራፋች። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ መስታወት ነጋዴ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ለአንዲት ልብስ ሰፊ የመስኮት መስታወት ይዘው ወጡ። የልብስ ሰፊዋ ቤት ከዳቦ ቤቱ ሦስተኛው በር ነው፤ ቢበዛ ስምንት ደቂቃ ያስኬዳል። እነሱ ግን ሦስት ሰዓት ቆዩ። ሴትዮዋ በሯ ላይ ቆማ «በዚህ! በዚህ!» እያለች ስታጨበጭብ በፊቷ አልፈው ሄዱ። ረጋበል «እሳቸው ያስቁሙ» ብሎ ይጠብቃል፤ ቶሎበል «ከፊት ያለውን ማክበር ነው» ብሎ ይከተላል። ገበያውን አለፉ። ትምህርት ቤቱን አለፉ። አውቶቡስ ጣቢያው ጋ ሲደርሱ የትራፊክ ፖሊሱ ሁለት ሰው እንዲህ በክብርና በዝምታ ሲራመድ አይቶ የማያውቅ ስለሆነ መኪናውን ሁሉ አቁሞ ሰላምታ ሰጣቸው። ከኋላቸው አሥራ አራት ሰው ተሰልፏል፤ አንዲት ባልቴት «ማን ነው የሞተው?» ብለው ሲጠይቁ የተሰለፈው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ማንም አያውቅም፤ ግን ሁሉም አዝኗል። በመጨረሻ ከተማውን ዞረው፣ መስታወቱን እንደያዙ፣ ሱቃቸው በር ላይ ተመልሰው ቆሙ።

«ምነው?» አለች ቆራጯ። «ሴትዮዋ የለችም እንዴ?»

«አለች፤ ደህና ናት። ሰላም ብላናለች፣» አለ ረጋበል።

ያን ማታ ገበታ ላይ ልትፈትናቸው ፈለገች። «ሾርባው ጨው አልበዛበትም?»

«እርሳቸው በዝቷል ካሉ በዝቷል፣» አለ ረጋበል።

«የለም፣ እርሳቸው አልበዛም ካሉ አልበዛም፣» አለ ቶሎበል።

«ዓሣስ?» አለች። «ዓሣ ይተኛል?»

ሁለቱም ሳህናቸውን አዩ። «እንደ ዓሣው ነው፣» አሉ በአንድ ድምፅ።

ቆራጯ ማንኪያዋን አስቀመጠች። የትራሱንና የድንቹን ነገር ያን ጊዜ አየችው፤ ትራሱ ወንበሩ ላይ ነው፣ ድንቹም በየሳህኑ እኩል እኩል።

ዓርብ ጠዋት ቶሎበል ሻንጣ ይዞ ከክፍሉ ወጣ። «እቴቴ፣ ሌላ ከተማ የጭነት ሥራ አግኝቻለሁ። ሰኞ እኩለ ቀን ባለው አውቶቡስ እሄዳለሁ።»

ይህን ልጅ እናታቸው ስትሞት በሰባት ዓመቱ ተረክባዋለች። ጥርሱን የነቀለችለት እሷ፣ ሒሳብ ያስጠናችው እሷ። ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች፤ አንድ ቃል፣ አንድ «የት አባክ ትሄዳለህ!» ብቻ ጠበቀች። ረጋበል ጓንቱን እያገላበጠ «መልካም መንገድ ይሁንላቸው» አለ። ቆራጯ አንዱን ብትቆጣ ባሏ፣ ሌላውን ብትቆጣ ደሟ፤ ወደ ጠረጴዛዋ ዞራ የሚቆረጥ በሌለበት ልኬት ወሰደች።

ቅዳሜ የፀጉር አስተካካዩን የፊት መስኮት ልትለካ ሄደች። ፀጉር አስተካካዩ የሰፈሩ ሬዲዮ ነው፤ ልዩነቱ ሬዲዮ አልፎ አልፎ ይበላሻል።

«እትዬ፣ እኔ እንኳ ነገር ማመላለስ አልወድም፣» አለና መቀሱን አስቀምጦ በሁለት እጁ አመላለሰው። «ማክሰኞ ዕለት እዚሁ በሬ ላይ ነበሩ። እንደ ልማዳቸው ስለ መንገዱ ይጨቃጨቃሉ፤ እኔም ደንበኛዬም እየሳቅን ነው። ከዚያ የመስታወቷ ጥግ ግድግዳ ነካችና ትንሽ ተሸረፈች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መንገዱ አለቀና ሰውየው ተጀመረ። ጋሽ ረጋበል ምን አለው፣ ‹አንተ ድሮም በእህትህ ቀሚስ ተንጠልጥለህ ያደግህ ነህ፤ እሷ ባትኖር ማን ሥራ ይሰጥህ ነበር?› ያኛው ታዲያ ዝም ይላል? ‹አንተስ? ሱቁ የእሷ፣ እጁ የእሷ፤ አንተ ባል ተብለህ የተቀጠርክ ተሸካሚ ነህ!› አለው። እትዬ፣ ሃያ ዓመት ሲጮኹ ሰምቻቸዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን አልጮኹም። በቀስታ ነው የተባባሉት። በቀስታ ሲሆን ፈራሁ።»

ቆራጯ መለኪያውን እንደያዘች የፀጉር መቆረጫው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ፀጉር አስተካካዩ ልማድ ሆኖበት አንገቷ ላይ ፎጣ አሰረ። እሷ ግን በመስታወቱ ውስጥ የራሷን ፊት እያየች ነበር። ሃያ ዓመት ያላመማቸውን በሽታ ስታክም ኖራለች! ያ ሁሉ «ቀኝ!» «ግራ!» «አርባ አንድ!» ጠብ አልነበረም፤ ሁለት ሰው አንድ መስታወት ይዞ ግድግዳ እንዳይነካ ሲነጋገር ነው። ጠቡ የመጣው ማክሰኞ ነው፤ እሷም በኬክ ተቀበለችው።

«ልቁረጥልሽ እንዴ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አይ፣» አለችና ፎጣውን ፈታ ተነሳች። «የምቆርጠው እኔ ነኝ። መስታወትህ ሰኞ ጠዋት ይደርሳል።»

እሑድ ቀኑን ሙሉ ስታስብ ዋለች። ቁጭ አድርጋ ብታናግራቸው «ምንም አልሆንም» ይሏታል። ብትቆጣቸው አንዱ ወደ ክፍሉ፣ አንዱ ወደ ጓሮ። አባቷ ግን አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ መስታወት የያዘ ሰው አይማታም፣ አይሸሽም፣ ጀርባውንም አይሰጥም። እሳቸው ያሉት ስለ ሥራ ጥንቃቄ ነበር። እሷ ለሌላ ልታውለው ነው።

ሰኞ ጠዋት የተዘጋጀው መስታወት የሱቁ ታሪክ አይቶት የማያውቅ ነበር። ቁመቱ ረጋበልን ይበልጣል፤ ርዝመቱ ቶሎበል ተዘርግቶ ቢተኛ ትራስና የእግር ማሳረፊያ ይተርፈዋል። አንዲት የጣት አሻራ የለበትም። ዝንብ ሁለቴ ተጋጭታበት ራሷን ይዛ ሄደች።

«የመጨረሻ ሥራህ ነው፤ ይህንን አድርስልኝና ትሄዳለህ፣» አለችው ወንድሟን። ሻንጣውን ራሷ አንጠልጥላ፣ የታጠፈ ጆንያ በብብቷ ወሽቃ ቀድማቸው ወጣች። ያ ጆንያ መስታወት ሲቀመጥ ከሥር የሚነጠፍ ነው፤ ያለ እሱ መስታወት ድንጋይ ላይ አይቀመጥም። ይህን ከሁለቱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሱቁ በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» «ኧረ እርስዎ» ሲባባሉ ሰባት ደቂቃ ሄደ። መስታወቱን በዳቦ ቤቱ በኩል ወሰዱት፤ ቶሎበልም ደረጃውን አላነሳም። የሚሄድ ሰው መንገድ አይመርጥም።

ፀጉር ቤቱ ሲደርሱ ቆራጯ በሩ ላይ እጇን ከመቃን እስከ መቃን ዘርግታ ቆማለች።

«እቴቴ፣ በሩን ልቀቂልን።»

«አልለቅም።»

«ይከብዳል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!» አለ ረጋበል።

«እንደሚከብድማ አውቃለሁ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ እዚህ ቦታ ምን ተባባላችሁ?»

«ምንም፣» አሉ ሁለቱም።

«እንግዲያው ያን ‹ምንም› እስክትነግሩኝ ቁሙ።»

«ጆንያውን አንጥፊልን!»

«ጆንያው ብብቴ ውስጥ ሞቆታል።»

ከውስጥ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጣ፤ ከኋላው ግማሽ ጢሙ የተላጨ፣ ግማሹ አረፋ የሆነ ደንበኛ ተከተለው። ሁለቱ ተሸካሚዎች መስታወቱን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱ በዚህ ወገን፣ አንዱ በዚያ ወገን። ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ረጋበል ሰማይ ሰማይ አየ፣ ቶሎበል መሬት መሬት። ክብደቱ ሲያስተነፍሳቸው መስታወቱ በትንፋሻቸው ጉም ለበሰ፤ ፀጉር አስተካካዩ ዘሎ በፎጣው በሁለቱም ወገን ጠራርጎ «ይኸው፣ አሁን ትተያያላችሁ» አለ። ቢጠሉትም ተያዩ።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው እንደ ልማዱ ቶሎበል ነው። «በቀሚሷ ተንጠልጥለህ አሉኝ። ሰው ፊት። ሰባት ዓመቴ ነበር እኮ፤ ተንጠልጥያለሁ። ታዲያ ምን ልያዝ?»

ማንም አልሳቀም። አረፋው በደንበኛው አንገት ላይ መውረድ ጀመረ።

የረጋበል ቃል ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ መጥቶም በር ላይ ይቆማል። «እኔ ደግሞ… ተሸካሚ ነህ አሉኝ። ለራሴ እንኳ በሹክሹክታ የማልነግረውን፣ እርሳቸው በጠራራ ፀሐይ፣ በፀጉር ቤት ደጅ።»

«እኔስ ተሸካሚ አይደለሁም?»

«እርስዎ ወንድሟ ነዎት!»

«እርስዎም ባሏ ነዎት!»

«ሁለቱም እውነት ነው እኮ፣» አለ ግማሽ ጢም።

«ዝም በል፣ ስቼ ጆሮህን እንዳልቆርጠው፣» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ረጋበል መስታወቱን አመቻችቶ ያዘ። «ያልኩት ልክ አልነበረም፣» አለ። ትንሽ አሰበና ጨመረበት። «ልክ ቢሆንም ልክ አልነበረም። እርስዎ ባይኖሩ ከኋላ ማን ይይዝልኝ ነበር? ሐሙስ ዕለት ከተማውን ስዞር ይኸው ነበር ሐሳቤ፤ ብቻዬን የያዝኩት መሰለኝ።»

ቶሎበል ፊቱን በትከሻው ጠረገ። «የኔም አፍ ነው። ምላሴ ቀደመኝ፤ ታውቀኝ የለ!»

ታውቀኝ የለ! ቆራጯ ሰማችው። እርስዎ ሄደ፤ አንተ ከነጫማው ተመልሶ ገባ። እጇ ከመቃኑ ላይ ሊወርድ ደረሰ፤ ግን የራሷም ተራ ነበረ።

«እኔም ጥፋት አለብኝ፣» አለች። «ስትጮኹ ተጣሉ ብዬ አለቀስኩ፤ ስትጣሉ ታረቁ ብዬ ኬክ ገዛሁ።»

«እሱ ኬክ ደግሞ ደረቅ ነበር፣» አለ ቶሎበል።

«ምኑ ነው ደረቅ? እንደ ጥጥ ለስላሳ ነበር እንጂ!»

«ደረቅ!»

«ጥርስህ ነው የላላው!»

ቆራጯ ጆንያውን አነጠፈች። እንባዋ ስለፈሰሰ አጣማ ነው ያነጠፈችው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ቀኝ!» «ግራ ነው እንጂ!» ብለው ጮኹባት። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ጩኸት ሰምታ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ የተጣላ ሁሉ ሱቋ መምጣት ጀምሯል፤ ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ፣ አንድ ጊዜም ሁለት የመዝሙር አስተማሪዎች። እሷ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስለ መንገዱ ነው፣ ስለ ሰውየው?» ስለ መንገዱ ከሆነ «ሂዱ፣ በደንብ ጩኹ» ብላ ታባርራቸዋለች። ስለ ሰውየው ከሆነ «ጓንት ልበሱ» ትላለች።

ያን ሰኞ ግን ገና መስኮቱ አልተገጠመም። ረጋበል «ይህኛው ጠርዝ ነው የላይኛው» አለ፤ ቶሎበል «ያኛው ነው» አለ። ልሙጥ፣ አራት ማዕዘን፣ ምንም የሌለበት መስታወት ነው፤ የላይና የታች የሚባል ነገር የለውም። ግማሽ ሰዓት ተሟገቱበት። ሲሟገቱ አንድ ጥግ እንኳ ሳይነካ መስታወቱ ቦታው ገባ፤ እንዴት እንደገባ ሁለቱም አላዩም።

«ቆይ ቆይ፣ አውቶቡስህስ?» አለ ረጋበል።

«ገና ሰባት ደቂቃ አለው።»

«ሄዷል።»

«እኔ ነኝ የምሄድበት፣ አንተ ነህ? አልሄደም አልኩህ!»

«ሄዷል እልሃለሁ!»

እኩለ ቀን አለፈ። አውቶቡሱ በታችኛው መንገድ ጥሩንባውን እየነፋ፣ አንድ ወንበር ባዶ ይዞ ሲያልፍ ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዷል አልሄደም ይባባላሉ። ቆራጯ አየችው። ፀጉር አስተካካዩ አየው። ግማሽ ጢምም አየው፤ አፉን ሊከፍት ሲል ቆራጯ በክፉ ዓይኗ ተመለከተችው። ዘጋው።

ሲመለሱ ሻንጣውን አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይዘው በደረጃው በኩል ወጡ፤ ረጋበል ነው በዚያ ይሁን ያለው፣ ትክክሉን ላሳይህ ብሎ። «አርባ አንድ!» «አርባ ሁለት!» እያሉ ላይ ደረሱ። ቆራጯ ከኋላቸው እየተከተለች በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ በአንድ፣ በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

ጫፍ ላይ ቆመው ጠበቋት። «እቴቴ፣ ስንት ነው? ንገሪው!»

«ትንፋሽ አጥሮኝ ቆጠራው ተሳሳተብኝ፣» አለች፤ ቁጥሩንም ከምራቋ ጋር ዋጠችው።